የፌርፋክስ አላፊ አግዳሚ ምን ይልበስ?

ሎስ አንጀለስን ሳይረግጡ መንገዷን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ሰዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል። ቪዛ አልጠየቁም፣ ዲቪ አልደረሳቸውም፣ አውሮፕላን አልተሳፈሩም። ከተማዋን ያወቋት በጨዋታ ነው። «ግራንድ ቴፍት አውቶ ፋይቭ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በሴፕቴምበር 2013 ሲወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ይህችኑ የኛን ከተማ «ሎስ ሳንቶስ» ብሎ በቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ አስገባት። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ሆሊውድ «ቫይንውድ» ተብላለች፤ ተራራው ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍ እንኳ አልቀረም። የባሕሩ ዳርቻ አለ፣ ዘንባባው አለ፣ የማያልቀው አውራ ጎዳና አለ። የኮሪያዎቹ ሰፈር ሳይቀር «ሊትል ሶል» ተብሎ ገብቷል።

የኛ የለም።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሊምፒክ ወደ ፒኮ ሲወርዱ ያለችው ቁራሽ መንገድ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ በከተማው ምክር ቤት የተሰየመችው በ2002 ነው። ጨዋታው ሲወጣ ስማችን ከተሰቀለ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። እውነቱን ለመናገር መቅረታችን እንቅልፍ አልነሣኝም። ዘረፋና ግድያ የሞላበት ጨዋታ ነው፤ «እንኳንም ቀረብን» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። አሁን ግን በገዛ እጁ ሊያስገባን የተነሣ ልጅ ተገኝቷል፤ ይህን ጽሑፍ ያመጣውም የእሱ ጣጣ ነው።

ልጁ የወዳጄ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ ኮምፒዩተር የሚማር፣ አማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ጎረምሳ። ጨዋታውን በራሳቸው መንገድ ማካሄድ ለሚፈልጉ ሰዎች «ፋይቭ ኤም» የሚባል መሣሪያ አለ፤ የጨዋታው ባለቤት ሮክስታር ራሱ በ2023 ጠቅልሎታል። በዚህ መሣሪያ ሰው የራሱን ከተማ ያሰናዳል፤ ጓደኞቹ በኢንተርኔት ይገቡና አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ባለ ታክሲ እየሆነ እንደ ቲያትር ይጫወቱበታል። ልጁና ሁለት ጓደኞቹ የኛን ቁራሽ ጎዳና አንድ በአንድ ሠሯት። ምግብ ቤቱን፣ ቅመማ ቅመም ቤቱን፣ በረንዳውን፣ በአማርኛ የተጻፈውን ማስታወቂያ። አየሁት፤ ጥሩ አድርገዋል። ሲያልቅ ግን መንገዱ ጭር ብሎ ቀረ። ሰው የለበትማ!

ሰው ስል ተጫዋቾቹን ማለቴ አይደለም። ተጫዋች የራሱን ልብስ ራሱ መርጦ ይለብሳል። የምለው ማንም የማያንቀሳቅሳቸውን፣ ኮምፒዩተሩ ብቻ የሚያስኬዳቸውን አላፊ አግዳሚዎች ነው። መንገድ ይሻገራሉ፣ ስልክ ያወራሉ፣ ሲገፏቸው ይሳደባሉ፣ ተኩስ ሲሰሙ ይሮጣሉ። በቲያትር ቤት አነጋገር አጃቢዎች ናቸው። ልጁ እነሱን ማልበስ ላይ ሲደርስ እናቱ «ጋሼን ጠይቀው፤ ጋዜጠኛ ነበር» ብላ ላከችው። ጋዜጠኛ ሁሉን ያውቃል ብለው የሚያምኑ ሰዎች በዚህ ዘመን መኖራቸው ደስ ይላል።

ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቶ የመጀመሪያ ሙከራውን አሳየኝ። ሴቶቹ በሙሉ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፤ ወንዶቹ በሙሉ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥልፍ። አንዲት ሴትዮ በዚያ ሁሉ ጥበብ ተሽሞንሙና የቆሻሻ ጋሪ ትገፋለች። ሰፈሩ እንዳለ ሰርግ የተጠራ ይመስላል። ፎቶውን ከየት እንዳገኘው አልጠፋኝም፤ በየሴፕቴምበሩ ለአዲስ ዓመት እዚያው ጎዳና ላይ የምናደርገው ድግስ ነው።

«ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እናትህ ይህን ለብሳ ነው የምትወጣው?» አልኩት።

«ኖ ጋሼ፣ ስክራብስ ነው የምትለብሰው።» እናቱ ነርስ ናት።

«እንግዲያው እሱን አልብሳት።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ኢትዮጵያዊ መሆኗ በምን ይታወቃል ታዲያ?»

ጥያቄው ተራ አይደለም። ሆሊውድም መቶ ዓመት ሙሉ ስትጠይቀው የኖረችው እሱኑ ነው። እዚህ ከተማ አጃቢ ማቅረብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ «ሴንትራል ካስቲንግ» የተባለው ድርጅት የተቋቋመው በ1925 ነው። ልብስ የሚያከራየው «ዌስተርን ኮስቲዩም» ደግሞ ከ1912 ጀምሮ አለ። ፖሊስም ትል፣ መነኩሴም ትል፣ የናፖሊዮን ወታደርም ትል ልክህን ለክተው ያወጡልሃል። ልብሱ አዲስ ከመሰለ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ፣ በሻይ እየነከሩ የሚያስረጁ ባለሙያዎች አሉ። የዛሬ ሰው የሚጫወት አጃቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ልብስህን ከቤትህ ይዘህ ና» ይባላል። አንዲት የማውቃት ደብረ ብርሃን የተወለደች ሴት ለጥቂት ዓመታት በዚህ ሥራ እንጀራዋን ጋግራለች። የሆስፒታል በሽተኛ፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ የገበያ ሰው ስትሆን ልብሷን ይዛ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ኢትዮጵያዊት ስደተኛ ሆና እንድትቆም ተጠራች። እሷም ደስ ብሏት ቀሚስና ነጠላዋን አጣጥፋ ይዛ ሄደች። አልባሳት ክፍሉ ነጠላዋን አየና «ይህ አፍሪካ አፍሪካ አይልም» ብሎ የምዕራብ አፍሪካ አበባማ ጨርቅ ጠመጠመላት። ራሷ ላይ እንደ ጋና እመቤት ቋጠሩላት። ኢትዮጵያዊት ሆና ስትቆም ብቻ ኢትዮጵያዊ ልብሷን አወለቀች ማለት ነው። የቀን ሒሳቧን ግን አልተቀነሰችም፤ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ለጥያቄው የሰጠሁት መልስ «በነጠላው ሳይሆን በአለባበሱ» የሚል ነበር፤ አልገባውም። እኔም ያልገባኝ ነገር ነበረ፤ እሱ ሲያስረዳኝ ችግሩ ከገመትኩት የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ጨዋታው አላፊ አግዳሚውን የሚፈጥረው እየቀጣጠለ ነው። የራስ መደብ አለ፣ የጸጉር መደብ አለ፣ የላይ ልብስ፣ የታች ልብስ፣ ጫማ፣ ባርኔጣና መነጽር እያለ ይቀጥላል። በየመደቡ አራትና አምስት ዓይነት ትሰጠዋለህ፤ ማሽኑ እንደ ሎተሪ ዕጣ እያወጣ አንዱን ከአንዱ ያጋጥማል። ከጥቂት ቁርጥራጭ ብዙ ሰው ይወጣል፤ ቁጠባ ነው። ለጂንስና ለከነቴራ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ለኛ ልብስ ግን መዓት ነው።

ለምን ቢሉ፣ ነጠላ ይናገራል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ካወጣች ሰው ሞቶባታል። በሁለቱ ትከሻዎቿ መስቀለኛ ካጣፋችው ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ነው ወይም ከዚያ መምጣቷ ነው። ወገቧ ላይ ካሸረጠችው ድግስ ቤት ወጥ እያወጣች ነው፤ ወይም ደግሞ ለቅሶ ቤት እንግዳ ታስተናግዳለች። ጥለቱን ወደ ታች ለቃ አንዱን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጣል ካደረገችው ዘመድ ጥየቃ ወጥታለች። ወንዱም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በድሮው ዘመን ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ኩታውን ያደገድግ ነበር፤ ሳያደገድግ የገባ ባለጌ ይባላል። ይህን ሁሉ ለዕጣ ብትሰጠው ማሽኑ ምን እንደሚያወጣ አስቡት። የሐዘን ነጠላ ከቀይ የከንፈር ቀለምና ከምሽት ጫማ ጋር። የቄስ ጥምጥም በቡና ቤት አስተናጋጅ ራስ ላይ። ልጁ ሁለት መቶ ያህል ሰው አስፈልፍሎ ሲያሳየኝ ሁለቱንም አየኋቸው። ሌሎች ተጫዋቾች ምንም አይታያቸውም። የደሴ ሰው ያየው እንደሆነ ግን ቤቱ የተሳሳተ ለቅሶ ደራሽ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ቁርጥራጩን ትተን ሰው በሰው መሥራት ጀመርን። ዕጣው ቀረ፤ አንድ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አንድ ላይ ይታሰባል። ሥራው በእጥፍ በዛ፤ ልጁ ግን አልተማረረም። ቀን ከሌት ሲሠራ አድሮ በማለዳ ስልክ ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ ሐዘንተኛዋ እስከ መቼ ነው ጥቁር የምትለብሰው?» «ለቅርብ ሰው እስከ ዓመት።» ዝም አለና አሰላ። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚያልፈው በእኛ 48 ደቂቃ ነው። አርባው በ32 ሰዓት ይወጣል። ዓመቱ ከ12 ቀን በጥቂት ሰዓታት ብቻ ይበልጣል። ከእሑድ እስከ እሑድ ስድስት ሰዓት አይሞላም። «እንግዲያው በ12 ቀኗ ጥቁሯን አስወልቃታለሁ» አለኝ። አንድ ሰው ለማይኖር ሟች ሐዘን ሲቆጥር መስማት ምን እንደሚመስል እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

ነጠላውን መሣል ራሱ ሌላ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ወጣት ዘጋቢ ሳለሁ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለመጻፍ ጥቂት ቀን አብሬያቸው ውዬ ነበር። ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያቀባበሉ፣ ድሩንና ማጉን ሲያገናኙ አይቻለሁ። ፈትሉን የፈተለችው ሴት እጅ ቀጭን ከሆነ ነጠላው ጣት ያሳያል። ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ለመሣሪያው ከባድ ሸክም ነው፤ በነፋስ የሚንቀሳቀስ ጨርቅም እንዲሁ። አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ ላይ ይቻላል፤ መቶ አላፊ አግዳሚ ላይ ግን መሣሪያው ያነክሳል። ስለዚህ የብዙኃኑ ልብስ ገላቸው ላይ እንደ ቀለም የተቀባ ነው። የልጁ የመጀመሪያ ነጠላ አንሶላ ተጠቅልሎ ከሆስፒታል ያመለጠ ሰው ነበር የሚመስለው። በኋላ ጠርዙን ብቻ ስስ አድርጎ መሐሉን ደፈነው፤ ከሩቅ ያታልላል።

ጋቢው ላይ ስንደርስ ግን ተጣላን።

ቁጭ ብለን የጎዳናውን ሰዎች ስንዘረዝር «አንድ ሽማግሌ ጋቢ ይልበሱ» አልኩት። «ኖ» አለኝ። እንዲያው «ኖ» ብቻ። ምክንያቱን ስጠይቀው ኮምፒዩተሩን አዞረና የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያት የሚሸጡበትን መደብር ከፈተልኝ። መፈለጊያው ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጻፈ። የመጣው አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ቡትቶ የለበሰ ባዶ እግሩን የቆመ ሽማግሌ፣ ነጭ ነገር ተከናንባ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች እናት ነው። አንዱ ጠመንጃ ይዟል። ከንፈሯ ላይ ገል ያደረገች ሴትም አለች። ሱሪ የለበሰ የለም። ጫማ ያለው የለም። «ጋቢ ካደረግኩበት ፋሚን ነው የሚሉት» አለ ልጁ። «ትምህርት ቤት ምን ይሉኝ እንደነበር አታውቅም።»

አውቃለሁ፤ እናቱ ነግራኛለች።

ነገሩ የመጣው ከየት እንደሆነም አውቃለሁ። በኦክቶበር 1984 መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣውን፣ ማይክል ቡርክ የተናገረበትን የቢቢሲ ዘገባ ዓለም ሲያይ፣ በማለዳው ብርድ መሬት ላይ ተኮልኩለው ያያቸው ሰዎች የለበሱት ጋቢና ነጠላ ነበር። በ1985 መጀመሪያ፣ ጃንዋሪ 28 ሌሊት፣ የአሜሪካ ታላላቅ ዘፋኞች «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ለመቅረጽ የተሰበሰቡት ደግሞ ከፌርፋክስ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በምትርቀው ላ ብሬያ ጎዳና፣ ሆሊውድ ውስጥ ባለ ስቱዲዮ ነው። ገንዘቡ ተሰበሰበ፤ እህል ሄደ፤ ሰው ተረፈ፤ ምስጋናችን እንደተጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አያቴ በክረምት የተጠቀለሉት፣ ሙሽራ በመልሱ የሚደርበው፣ አራስ የምትሞቅበት አራት እጥፍ ጥጥ ለፈረንጅ ዓይን የረሀብ ዩኒፎርም ሆኖ ቀረ። በቡልኮ ቢቀይሩት ያው ነው። በዚያው ጊዜ በዚያው ኮረም የረዱት፣ ያስተረጎሙት፣ የቀበሩት ኢትዮጵያውያንም ጋቢ ለብሰው ነበር፤ ካሜራው ግን በእነሱ ላይ አልቆየም።

ልጁ ይህን ሲሰማ ልቡ አልራራም። ጎረምሳ በታሪክ አይረታም። እኔም ሌላ መንገድ ሞከርኩ። በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፌርፋክስ ይዤው ሄድኩ። ሱቁ ገና መከፈቱ ነው። አንድ አዛውንት በር ላይ ቆመዋል፤ ከታች የስፖርት ሱሪ፣ እግራቸው ላይ ወፍራም ነጭ የስፖርት ጫማ፣ ራሳቸው ላይ የዶጀርስ ባርኔጣ፣ ከላይ ጋቢ። በአንድ እጃቸው የወረቀት ስኒ ቡና፣ በሌላው የመኪና ቁልፍ። ከማቆሚያ ተቆጣጣሪው ጋር በእንግሊዝኛ እየተከራከሩ ነው፤ ረትተውታልም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣቸው ሲል ያዝኩት። «ሰላም በላቸው መጀመሪያ!» ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «የማን ልጅ ነህ?» ጀመሩ እሳቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቀበሌውን ሳይቀር ጠየቁት። ፎቶ አልተነሣም፤ ግን ማታውኑ ጋቢ የለበሰ አዛውንት ላከልኝ። የመኪና ቁልፉን አልረሳውም።

ምሥጢሩ ይኸው ነው። ጋቢው ብቻውን ምንም አይልም። ከሥሩ ጫማ ሲኖር፣ በእጁ ቁልፍ ሲኖር፣ ፊቱ ሲቆጣ፣ ያ ሰው ቤት አለው፣ ጉዳይ አለው፣ የሚከራከርበት መብት አለው። ባዶ እግሩን አቁመህ እጁን ዘርግተህ ያው ጋቢ ኮረም ይሆናል። ለአንድ አላፊ አግዳሚ ጫማ የመስጠትና ያለመስጠት ነገር ቀላል መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎች እንዴት እንዳለበሱን ጥቂት ላንሣ። ከፌርፋክስ ሰፈራችን ወደ ሰሜን ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ብትሄዱ ዊልሽር መገናኛ ላይ በ2021 የተከፈተው የኦስካር አካዳሚ የሲኒማ ሙዚየም አለ። «ብላክ ፓንተር» ለተባለው ፊልም አልባሳት የሠራችው ሩት ካርተር በ2019 ኦስካር ስታገኝ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች፤ በ2023 ደገመችው። ሥራዋ የሚደነቅ ነው። የሌሶቶ ብርድ ልብስ፣ የሂምባ ቀይ አፈር፣ የዙሉ እመቤት ቆብ፣ ሁሉንም አጥንታ ነው። ከኛ ደግሞ የኦሞውን የከንፈር ገል ወስዳለች፤ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ የለበሰ አዛውንት መኰንን ከንፈር ላይ አድርጋዋለች። ያማረ ምስል ነው። ሙርሲና ሱሪ ዘንድ ግን ገል የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ዋካንዳ የሌለ አገር ስለሆነ ማንም አይከሳትም፤ በሌለ አገር ወንዱም ቢያደርገው ፈቃዱ ነው። ሕንድ ወይም ብራዚል ያለ ልጅ ግን ከዚያ ፊልም ወጥቶ «ኢትዮጵያ» ብሎ ሲጽፍ ምን እንደሚጠብቅ አስባለሁ።

ጨዋታዎቹም ንጉሦቻችንን አልረሱም። «ሲቪላይዜሽን ፋይቭ» በ2012 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አስገባ፤ ስድስተኛው በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን። ሁለቱም አማርኛ ይናገራሉ። ለንጉሥ ሁሉም ይጨነቃል፤ ፎቶውን ያገላብጣል፣ ካባውን ይጠልፋል። ተራው ሰው ላይ ሲደርስ ግን ጥናቱ ያልቃል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት» በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲጨምር ሾተል የያዘ ልዩ ተዋጊ ሰጠን፤ ዮዲትንም አመጣት። እንጨት የሚቆርጠው፣ እርሻ የሚያርሰው ባላገር ግን ያው ለፈረንሳዩም ለጃፓኑም የተሰጠው ባላገር ነበር። ፈረሰኛችንም የአውሮፓ ጥሩር ለብሶ ይጋልባል። የገንዘብ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕዝብ ገበሬ መሣል ያስወጣል። ሆኖም የኛ ገበሬ ልብስ አንድ ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር! የወሎው ሽርጥ ያገለድማል፣ የጎጃሙ ቁምጣ ለብሶ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ዱላውን ያጋድምበታል፣ ኮንጎ ጫማውን ደግሞ ሁለቱም ያውቁታል። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 አገር ቤት ገብቶ ሲቀርጽ ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን ይዞ ነበር የሠራው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ የተማረ ሰው ነው፤ የኪራይ ልብሱ ማከማቻ የት እንዳለ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ለማንኛውም የልጁ ጎዳና አሁን ወደ ሃያ አምስት ያህል ሰው አለው። እናቱ በሰማያዊ ስክራብስ፣ አንገቷ ላይ ሰንሰለት ካርድ አጥልቃ፣ ከሥራ ስትወጣ እንጀራ ገዝታ ታልፋለች፤ ኢትዮጵያዊ መሆኗ በያዘችው በላስቲክ የታሰረ እንጀራ ይታወቃል። የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው ቀይ ሰደርያ ለብሷል፤ ሥር ባለው ሸሚዝ ኪስ ብዕር ሰክቷል፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበር ብለን ወስነናል። ሁለት ባለ ታክሲዎች አሉ፤ አንዱ በ1970ዎቹ የተሰፋ የሚመስል ሰፊ ኮሌታ ኮት አይለቅም። ይህን ኮት እንዲያስገባ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ቡና ቤቱ ውስጥ ከበው የሚከራከሩትን አራት ሽማግሌዎች ኮትና ከረባት አለበስናቸው፤ ስደት ውስጥ ከረባቱን አጥብቆ የያዘ ትውልድ ነው። ወጣቶቹ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሰዋል። ፌርፋክስ ወደ ላይ ሲወጣ ዋና የወጣት ልብስ ገበያ ነበር፤ «ሱፕሪም» ሱቁን በ2004 ከፍቶ በ2023 ወደ ሰንሴት እስኪዛወር ድረስ ልጆች በሌሊት ተሰልፈው የሚያድሩት በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። ስለዚህ አንዲት ሹራብ የለበሰች ልጅ ከላይ የእናቷን ነጠላ እንደ ፎጣ ጣል አድርጋለች። ማሽኑ በዕጣ አውጥቶት ቢሆን ስሕተት እለው ነበር። እኛ አስበን ያደረግነው ስለሆነ ትክክል ነው። ከእናቷ ጋር ለቅሶ ደርሳ መምጣቷ ነው።

እሑድ ሲሆን ሕዝቡ ይቀየራል፤ ልጁ ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ ጽፏል። ከቅዳሴ መልስ መስቀለኛ ያጣፉ ሴቶች ይመጣሉ፤ ሕፃናቱ ነጭ ልብሳቸው ላይ ጭማቂ አፍስሰዋል። የወሎ ሙስሊም ቤተሰቦችንም አልረሳናቸውም፤ ዓርብ ቀትር ላይ አባትዬው ነጭ ቆብ አድርጎ ሁለት ሴት ልጆቹን አስከትሎ ያልፋል፤ የትልቅየዋ መሸፈኛ ከሥራ ዩኒፎርሟ ጋር አንድ ቀለም ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣው ልጁ ነው፤ የክፍል ጓደኛው እንዲህ ትለብሳለች አለ።

ያላለቀው የቄሱ ነገር ነው። ጥምጥማቸው ከብዙ ልፋት በኋላ ተስተካክሏል፤ ጥቁር ካባቸው፣ የእጅ መስቀላቸው፣ ጺማቸው ሁሉ ደኅና ነው። ጫማ ግን የተረፈ አልነበረምና ልጁ የአዛውንቱን ወፍራም ነጭ የስፖርት ጫማ አጫምቷቸዋል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ጥቁር ጫማ እሠራለሁ» አለኝ። አትሥራ አልኩት። ባለፈው እሑድ እዚያው ፌርፋክስ ላይ፣ ከምግብ ቤቱ በር ሲወጡ፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።